ላብራቶሪ ውስጥ ይሰራል፣ ሜዳ ላይ ይቆማል፦ የወታደራዊና የጠፈር ኤሌክትሮኒክስ ችግርና መፍትሄ

ተበላሸ ተብሎ ከሜዳ የመጣ ቦርድ ጠረጴዛ ላይ ፓወር ሲሰጠው ቀጥ ብሎ ይነሳል፣ ሁሉም ነገር ደህና ነው፣ "ችግር አልተገኘም" ተብሎ ይመለሳል፣ ከዛ እዛው ቦታ ላይ እንደገና ይሞታል። ለታንክ፣ ለአውሮፕላን ወይ ለሳተላይት በሚሰራ እቃ ላይ ከዚህ የከፋ መልስ ያለ አይመስለኝም፣ ምክንያቱም ቦርዱን የጣለው ብርድ ወይ ንዝረት ወይ ጨረር እኛ ጠረጴዛ ላይ የለም። ስለዚህ አንድም ቺፕ ሳትቀይሩ መጀመሪያ ጠይቁ፣ መቼ ነው የሚበላሸው? ሲሞቅ ነው ሲበርድ? ሞተር ሲነሳ ነው? ከፍታ ላይ ነው? ያንን ሁኔታ ላብራቶሪ ውስጥ መልሳችሁ እስካልፈጠራችሁት ድረስ የምትቀይሩት ሁሉ በግምት ነው።

ሲበርድ ይጠፋል፣ ሲሞቅ ይመለሳል (ወይ በተቃራኒው)

በመጀመሪያ የእቃ ዝርዝሩን እዩ። ተራ የንግድ ቺፕ የሚሰራው ከ0 እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፣ ኢንዱስትሪያሉ ከ-40 እስከ 85፣ ወታደራዊው ከ-55 እስከ 125። ዋናው ፕሮሰሰር በትክክል ተመርጦ አጠገቡ ያለ አንድ ርካሽ ክሪስታል (የሰዓት ምት የሚሰጠው) ብርድ ላይ አልነሳም ሊል ይችላል። እቃዎቹ ደህና ከሆኑ ሶልደሩን (ቺፑን ከቦርዱ የሚያያይዘውን ብየዳ) ጠርጥሩ። ሴራሚክ ቺፕ ለአንድ ዲግሪ ከ6 እስከ 7 ፒፒኤም (ከሚሊዮን አንድ ክፍል) ገደማ ነው የሚለጠጠው፣ ኤፍአር-4 የተባለው የተለመደው የፋይበርግላስ ቦርድ ግን ከ14 እስከ 17፣ እና በሞቀና በበረደ ቁጥር መሃል ያለው ሶልደር ይጎተታል፣ ሽቦን ወዲያ ወዲህ እያጠፉ እንደ መስበር ማለት ነው። በታህሳስ 2012 ዓ.ም ከቻይና እንደመጠቀችው የኛዋ ኢቲአርኤስኤስ-1 ያለ ዝቅተኛ ምህዋር ላይ ያለ ሳተላይት በቀን 15 ጊዜ ገደማ ምድርን ይዞራል፣ በአብዛኛው ዙር ከፀሐይ ወደ ጥላ ከገባ በዓመት ከ5,000 በላይ ሙቀትና ብርድ መፈራረቅ ነው።

ስንጥቁን ለማግኘት ቦርዱ እየሰራ ማቀዝቀዣ ስፕሬይ አንድ አንድ ቺፕ ላይ በትንሽ በትንሹ ንፉ፣ ከዛ ሙሉ ቦርዱን ቻምበር (ሙቀትና ብርድ የሚሰጥ ሳጥን) ውስጥ ፓወር እንደበራ አስገቡና የሚሆነውን መዝግቡ። ፓወር አጥፍቶ ማቀዝቀዝ፣ ከዛ አውጥቶ መለካት ምንም አያሳይም፣ ስንጥቁ ወደ ክፍል ሙቀት ሲመለስ ይገጥማላ። ሶልደሩን እንደገና ማቅለጥ የጊዜ ማስታገሻ ነው፣ ዘላቂው መታጠፍ የሚችል እግር ወይ የሶልደር ኮለም (ረዘም ያለ የሶልደር ምሰሶ) ያለው ፓኬጅ መምረጥ ነው፣ ወይ ደግሞ መለጠጡ ለሴራሚኩ የሚቀርብ የቦርድ ማቴሪያል።

ሲንቀጠቀጥ ይቆራረጣል

ኮኔክተሩን ነቅላችሁ ስትሰኩት ከተስተካከለ "ተሰራ" ብላችሁ እንዳትዘጉት። ጫፎቹ እየተፋተጉ ኦክሳይድ ሰርተዋል፣ ስትነቅሉት ስለተጠረገ ነው የሰራው፣ ይመለሳል። ኬብሉን ኮኔክተሩ ጀርባ ላይ አጥብቃችሁ እሰሩ፣ ሁለቱም ወገን ወርቅ ቅብ ይሁን፣ ወርቅን ከቆርቆሮ ጋር አታገናኙ። ትልልቅ ካፓሲተሮችን በኢፖክሲ ከቦርዱ ጋር አጣብቁ፣ በእግራቸው ብቻ አይንጠልጠሉ። ቦርዱ ራሱ እየተርገበገበ ከሆነ መሃሉ ላይ ብሎን ጨምሩና ተፈጥሯዊ ፍሪኩዌንሲውን ከሳጥኑ ቢያንስ እጥፍ አድርጉት። በጣም የምወደው ምርመራ ግን ይሄ ነው፦ ከዋናው የንዝረት ቴስት በፊትና በኋላ በትንሽ ጉልበት ሳይን ስዊፕ (ፍሪኩዌንሲውን ቀስ በቀስ እየቀየሩ ማንቀጥቀጥ) ማድረግ፣ የሬዞናንስ ፍሪኩዌንሲው (ቦርዱ በጣም የሚርገበገብበት) ከቦታው ከተንሸራተተ በአይን ባይታይም አንድ ነገር ተሰንጥቋል ወይ ላልቷል።

ሾርት ያደርጋል፣ ከዛ ራሱ ይድናል

ይሄ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነው። ንፁህ ቆርቆሮ የተቀባ እግር ላይ ከጊዜ በኋላ ከሰው ፀጉር የቀጠነ የብረት ክር ይበቅላል፣ ዊስከር ይባላል፣ ጎረቤቱን እግር ሲነካ ሾርት ያደርጋል፣ አየር ውስጥ ብዙ ጊዜ ተቃጥሎ ስለሚጠፋ ምልክት አይተውም። ቫክዩም ውስጥ ግን ተቃጥሎ በማለቅ ፋንታ ፕላዝማ ሆኖ ከባድ ከረንት ሊያሳልፍ ይችላል። እ.ኤ.አ በሜይ 1998 ጋላክሲ 4 የተባለው ሳተላይት መቆጣጠሪያ ፕሮሰሰሩ በዚህ ምክንያት ጠፍቶ አብዛኛው የአሜሪካ ፔጀር ዝም ብሏል። አውሮፓ እ.ኤ.አ በ2006 እርሳስን ከተራ ኤሌክትሮኒክስ ካስወጣ በኋላ የእቃ አምራቾች ወደ ንፁህ ቆርቆሮ ዞረዋል፣ ወታደራዊና ጠፈር ነክ ስራ ከህጉ ነፃ ቢሆንም ገበያ ላይ የምታገኙት እቃ ያው ነው። መፍትሄው፦ ቆርቆሮው ቢያንስ 3 በመቶ እርሳስ ይኑረው፣ የመጣውን እቃ ወረቀቱን ብቻ አምናችሁ አትቀበሉ፣ በኤክስሬይ ፍሎረሰንስ (ምን ብረት እንዳለበት በጨረር የሚለይ መሳሪያ) ለኩት። ኮቲንግ (ቦርዱ ላይ የሚቀባ መከላከያ ሽፋን) ያግዛል እንጂ አይተካውም።

እርጥበት

የታሸገ ሳጥን ውስጥ ውሃ ካገኛችሁ ሁልጊዜ ዝናብ አይደለም። ሳጥኑ ሲበርድ ውስጡ ያለው ግፊት ይቀንስና በጋስኬቱ እርጥብ አየር ይስባል። ወይ በትክክል በሄርሜቲክ (አየር በማያስገባ መንገድ) ዝጉት ወይ ሜምብሬን (አየር አሳልፎ ውሃ የሚያግድ ስስ ሽፋን) ያለው መተንፈሻ አድርጉለት፣ ሁለቱንም ያልሆነው ነው የሚጎዳው። ኮቲንግ ከመቀባታችሁ በፊት ደግሞ ፍላክሱን (ለብየዳ የተቀባውን ኬሚካል) በደንብ እጠቡ፣ ካልሆነ ቆሻሻውን ከስሩ ቀብራችሁ መጠበቅ ነው።

ላብራቶሪ ውስጥ ቀዝቃዛ፣ ቫክዩም ውስጥ ያቃጥላል

ቫክዩም ውስጥ ሙቀት የሚያነሳ አየር የለም፣ ፋን ዋጋ የለውም፣ ሙቀቱ የሚወጣው በንክኪና በጨረራ ብቻ ነው። ከቺፑ እስከ ሳጥኑ ያለውን መንገድ ተከተሉ፦ ከስሩ የመዳብ ቪያ (ሙቀቱን በቦርዱ የሚያሳልፍ መዳብ የተቀባ ቀዳዳ) አለ ወይ፣ የቦርዱ ጠርዝ በዌጅ ሎክ (ከሳጥኑ ጋር የሚያጣብቅ መቆለፊያ) ጠብቋል ወይ፣ ብሎኖቹ በልኩ ጠብቀዋል ወይ። ሌንስ ከደበዘዘ ፕላስቲኩ ወይ ሙጫው ጋዝ እያወጣ ነው፣ መለኪያው 125 ዲግሪ ላይ 24 ሰዓት ቆይቶ ከጠቅላላ ክብደቱ ከ1 በመቶ በላይ እንዳይቀንስ፣ ሌላ ነገር ላይ የሚጤዘው ደግሞ ከ0.1 በመቶ እንዳይበልጥ ነው። ወደ ላይ ሲወጣ ብቻ ብልጭታ የሚያወጣ ሃይ ቮልቴጅ ካለ ግማሽ ቫክዩሙ ነው ችግሩ፣ አየር በጣም ሲሳሳ 330 ቮልት ገደማ ላይ እንኳን ብልጭታ ሊዘል ይችላል፣ ግፊቱ ሙሉ በሙሉ እስኪወርድ አታብሩት።

ጠፈር ላይ ያለ ምክንያት ሪሴት ያደርጋል

እዚህ ላይ ሶስት ነገር ለዩ። አንድ ቢት ተገልብጦ ሪቡት ሲደረግ ከጠፋ የጨረር ቅንጣት ነው፣ የናሳዋ መንኮራኩር ቮያጀር 2 እ.ኤ.አ በ2010 የደረሰባት ይሄ ነው፣ መድሃኒቱ ስህተት የሚያርም ሜሞሪና ሶስት ጊዜ ተደግሞ የብዙሃኑን መልስ የሚመርጥ ሰርኪዩት ነው። ከረንቱ ድንገት ዘሎ ፓወር እስኪጠፋ ካልወረደ ላች-አፕ (ቺፑ ውስጥ ተፈጥሮ የሚቆይ ሾርት) ነው፣ ቶሎ የሚቆርጥ ከረንት ሊሚተር ከሌለ ቺፑ ይቃጠላል። በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ከረንቱ ከጨመረ ደግሞ የተጠራቀመ የጨረር መጠን ነው፣ እ.ኤ.አ በ1962 ከፍታ ላይ የተፈነዳ የኒውክሌር ሙከራ ማግስት የመጠቀችው የመገናኛ ሳተላይት ቴልስታር በዚህ ነው ዝም ያለችው። የሪሴቶቹን ሰዓትና ቦታ ካርታ ላይ አስቀምጡ፣ ጨረር የሚበረታባቸው ብራዚልና ደቡብ አትላንቲክ ላይ ከተከማቹ ጨረር መሆኑን አትጠራጠሩ። ብረት መጨመር ለተጠራቀመው መጠን ይጠቅማል፣ ወደ ጁፒተር የተላከችው የጁኖ ኤሌክትሮኒክስ 1 ሴንቲሜትር ገደማ ውፍረት ባለው የታይታኒየም ሳጥን ውስጥ ነው ያለው፣ ከባድ የኮስሚክ ቅንጣትን ግን አያቆምም፣ እሱን በዲዛይን ነው መሸከም።

ከተሰራ በኋላ

ያበላሸውን ሁኔታ መልሳችሁ ስጡት፣ ግን የሚበረውን እቃ በሙሉ ጉልበት አትቀጥቅጡ። ናሳ ለቀላል እቃ የሚጠቀምበት የንዝረት ልክ ለሙከራ ብቻ ለተሰራው ናሙና 14.1 ጂአርኤምኤስ (የንዝረት ጉልበት መለኪያ)፣ ለሚበረው 10 ነው፣ ልዩነቱ ለዚህ ነው። "ሚል ስታንዳርድ 810 (የአሜሪካ ጦር የእቃ መፈተሻ ደንብ) አልፏል" የሚል ወረቀት ብቻውን አይበቃም፣ ስታንዳርዱ ራሱ ቴስቱን ለቦታው ለኩ ነው የሚለው፣ ስለዚህ ሪፖርቱ ላይ የትኛው ሜቶድ፣ በስንት ዲግሪ፣ ለስንት ሰዓት፣ ፓወር በርቶ ወይ ጠፍቶ እንደሆነ ጻፉ።