የክረምት ጠላ በጅማ፦ ነገሩ ያለው ብቅሉ ላይ ነው

ጅማ ላይ የክረምት ጠላ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ጋን ከመግባቱ በፊት፣ ገና ብቅሉ ሲደርቅ ነው። ዝናቡ ፋታ አይሰጥም፤ ያልደረቀ ብቅል ደግሞ ቶሎ ይሻግታል። የሚቻል ከሆነ ብቅሉን በጋ ላይ አዘጋጅቶ ማስቀመጥ ነው። ካልሆነም በጥንቃቄ ይሠራል።

ለ20 ሊትር ያህል ጠላ 1 ኪሎ የገብስ ብቅል፣ 5 ኪሎ በቆሎ፣ ግማሽ ኪሎ የጌሾ ቅጠልና ግማሽ ኪሎ የተከተፈ የጌሾ እንጨት ይበቃል።

ገብሱ ተለቅሞ 24 ሰዓት ይነከራል። ከዚያ ጠፍፎ በኮባ ይጠቀለልና ድንጋይ ይጫነዋል። በየቀኑ ፈታ አድርጋችሁ አገላብጡት፤ መሃሉ ሲነካ ይሞቃል፣ ከታፈነ ይሸታል። በ3ኛው ወይም በ4ኛው ቀን ሥሩ ተያይዞ እንደ ምንጣፍ ሲነሳ ደርሷል። በእጅ ተበጣጥሶ በስሱ ይሰጣል። ፀሐይ ከሌለ ሰፌድ ላይ ሆኖ ከምድጃው ራቅ ብሎ ይቀመጥ፣ ሙቀቱም እጅ የሚችለው ይሁን። ቸኩሎ ምጣድ ላይ ማመስ ብቅሉን ይገድለዋል፦ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጠው ኢንዛይም በእሳት ይጠፋል፣ እርሾው የሚበላው ያጣል፣ ጠላውም ውሃ ውሃ ይላል። በደንብ የደረቀ ብቅል በጥርስ ሲሰበር ቀጭ ይላል፣ አፍ ላይም ይጣፍጣል። አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሻጋታ የታየበት ሙሉ በሙሉ ይጣል፤ የሻጋታው መርዝ በማብሰል አይለቅም።

ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታሽቶ ይታጠባል፣ ሲደርቅ በወይራ ይታጠናል። ውሃው ክሎሪን ክሎሪን የሚሸት ከሆነ ክፍት ሆኖ ይደር።

የተወቀጠው የጌሾ ቅጠል በ4 ሊትር ውሃ ተበጥብጦ 3 ቀን ይቀመጣል። ይህ ጥንስሱ ነው። ከዚያ የተፈጨው ብቅልና ከ1 ኪሎ የበቆሎ ዱቄት የተጋገረ ቂጣ ተቆራርሶ ይገባል። በ2 ቀን አረፋ ካላወጣ ወይ ብቅሉ ሞቷል ወይ ቤቱ ቀዝቅዟል፤ ጋኑን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ አንድ ቀን መጠበቅ ነው።

የቀረው 4 ኪሎ በቆሎ ተቆልቶ አሻሮ ይሆናል። ጠላው ጠቆር እንዲል ከተፈለገ ቆላ ቆላ ማድረግ ነው፣ ካረረ ግን ይመራል። ተፈጭቶ፣ በውሃ ታሽቶ፣ ምጣድ ላይ እየታመሰ እንኩሮ ይሆናል። ጥሬው እንዳይቀር፤ ያልበሰለ በቆሎ ስኳሩን አይሰጥም። እንኩሮውን ትኩሱን መጨመር እርሾውን ይፈጀዋል። በእጅ ጀርባ ሲነካ ሙቀት እስከማይሰማ ድረስ ይቀዝቅዝ። ከዚያ ከጌሾው እንጨት ጋር ይገባና ድፍድፉ 5 ቀን ይቆያል።

ድፍድፉ መፍላቱን ቀነስ ሲያደርግና ላይ የነበረው እህል ወደ ታች ሲወርድ፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ እስከ 20 ሊትር ይሞላበታል። አፉ ይታሸግና ከ3 እስከ 4 ቀን ይቀመጣል። በፕላስቲክ በርሜል የሚጠምቅ ክዳኑን ጠርቅሞ አይዝጋ፤ ጋዙ መውጫ ካጣ ያፈነዳዋል። አንዴ ከተከፈተ አየር ስለሚገባው ይኮመጥጣልና በ3 ቀን ውስጥ ቢጠጣ ነው። አተላው ላይ ትንሽ ውሃ ቢጨመር በማግስቱ ቅራሪ ይወጣዋል።