አውራው ከተለየ በኋላ የዶሮዋ እንቁላል እስከ ስንት ቀን ይፈለፈላል?

አውራ ዶሮው ለበዓል ታርዷል፣ ወይም ጎረቤት ያዋሰውን መልሶ ወስዷል። ሴቶቹ ግን መጣላቸውን አላቆሙም። ለማስታቀፍ የሚሆነው የትኛው እንቁላል ነው? አውራው ከተለየ በኋላ እስከ 10 ቀን የተጣለው ጥሩ ተስፋ አለው። ከዚያ እስከ 14ኛው ቀን የዳበረው ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል፤ እስከ 3 ሳምንት ድረስም አልፎ አልፎ ይገኛል። ከዚያ ያለፈውን ማስታቀፍ እናቲቱን 21 ቀን በከንቱ ማስቀመጥ ነው፤ ይብሉት።

አውራው ሴቷን ሲሰርራት የሚገባው ዘር በአንድ ጊዜ አያልቅም። የእንቁላል መውረጃዋ ታችኛው ክፍል ላይ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ቱቦዎች አሉ። ዘሩ እዚያ ተጠራቅሞ ጥቂት በጥቂት ወደ ላይ ይወጣል። አስኳሉ እንደተለቀቀ፣ ነጩ ሳይሸፍነው ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ዘር ካላገኘው አይዳብርም። ከዚያ እስኪጣል ደግሞ 25 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ዛሬ የተሰረረች ዶሮ ነገ የምትጥለው እንቁላል አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው፤ ከ3ኛው ቀን ጀምሮ ይሰብስቡ። አዲስ አውራ ወደ 8 ወይም 10 ሴቶች ከገባ ግን ሁሉንም እስኪያዳርስ አንድ ሳምንት ይታገሡ።

ብዙ ሰው የሚስተው ሁለት የተለያዩ ቆጠራዎች መኖራቸውን ነው። አንዱ አውራው ከተለየ ስንት ቀን ሆነው የሚለው ነው፤ ሌላው እንቁላሉ ራሱ ከተጣለ ስንት ቀን ቆየ የሚለው። የሐበሻ ዶሮ 12 እንቁላል እስክትሞላ ሁለት ሳምንት ሊያልፋት ይችላል። ሁሉንም አከማችተው ካስታቀፉ የመጀመሪያዎቹ በቆይታ ተጎድተዋል፣ የመጨረሻዎቹ ደግሞ ዘር አጥሯቸዋል። በእያንዳንዱ እንቁላል ላይ የተጣለበትን ቀን በእርሳስ ይጻፉ፤ በእስክሪብቶ ግን አይጻፉ። ለምሳሌ አውራው የወጣው ጥር 1 ከሆነ፣ ከጥር 4 እስከ 10 የተጣለውን ይያዙና ጥር 11 ያስታቅፉ። ሁለቱም ቆጠራ ተጠበቀ ማለት ነው።

አውራ የሚቀይሩት ዝርያ ለማጥራት ከሆነ ነገሩ ጠበቅ ይላል። የሳሶ (የውጭ ዝርያ) አውራውን አውጥተው የሐበሻ አውራ በማግስቱ ቢያስገቡ፣ የአዲሱ ዘር ቢያመዝንም የቀድሞው ልጆች መቀላቀላቸው አይቀርም። ቢያንስ 3 ሳምንት፣ እርግጠኛ ለመሆን 4 ሳምንት ይጠብቁና ከዚያ በኋላ ያለውን ይሰብስቡ። ጫጩት ብቻ ለሚፈልግ ሰው ይህ ሁሉ መጠበቅ አያስፈልገውም።

መዳበሩን ለማየት አንድ ትኩስ እንቁላል ነጭ ሳህን ላይ ይስበሩ። አስኳሉ ላይ ያለችው ነጥብ ትንሽና ድፍን ነጭ ከሆነች አልዳበረም። ከ4 እስከ 5 ሚሊሜትር የምትሰፋ፣ ዙሪያዋ እንደ ቀለበት የሆነች ከሆነች ዳብሯል። አስኳሉን ግራና ቀኝ የያዘው የተጠማዘዘ ነጭ ክር ከዚህ ጋር አይገናኝም፤ የደም ጠብታም የመዳበር ምልክት አይደለም። ከሱቅ የሚገዛ የፈረንጅ እንቁላል ብዙውን ጊዜ አውራ ከሌለበት እርባታ ስለሚመጣ ለማስታቀፍ አይሆንም።

በድሬዳዋ ብዙ አውራ ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል። እንቁላል ከ20 ዲግሪ በላይ ሲቆይ ፅንሱ በዝግታ ማደግ ይጀምራል፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መደርደሪያ ላይ በግንቦት ወይም በሰኔ ያስቀመጡት ሳይታቀፍ ጀምሮ ሳይታቀፍ ይሞታል። በታቀፈች በ7ኛው ቀን ጨለማ ውስጥ በባትሪ ያብሩበት። የተዘረጋ የደም ሥር ካዩ ደህና ነው። የደም ቀለበት ብቻ ካዩ ዳብሮ ነበር፣ ሞቷል፤ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የማስቀመጫው ወይም የማቀፊያው ሙቀት ነው። ብዙዎቹ ጥርት ብለው ከታዩ ግን፣ ገና በጅምሩ የሞተም ጥርት ብሎ ሊታይ ቢችልም፣ ወደ አውራው መመለስ ተገቢ ነው። ዕድሜው፣ ውፍረቱ፣ ቅማሉ፣ የሴቶቹ ቁጥር ይመርመር። ሙቀት ራሱ የአውራውን ዘር ያደክማል፤ ከሞቃት ሳምንት በኋላ ለማገገም ሳምንታት ይፈልጋል። ጥላና ቀዝቃዛ ውሃ ሳይጓደልበት፣ ከሴቶቹ ጋር በተለይ ከሰዓት በኋላ ወደ ማታ ይዋል፤ ሴቷ የጠዋቱን እንቁላል ጥላ ስለምትጨርስ ያን ጊዜ የገባው ዘር በደንብ ይይዛል።

ለማስቀመጫ ትንሽ የሸክላ ማሰሮ በትልቁ ውስጥ ያድርጉ፣ መካከሉን አሸዋ ይሙሉና ጠዋትና ማታ ውሃ ያርከፍክፉበት። የድሬ አየር ደረቅ በመሆኑ ውሃው ሲተን ውስጡን ያቀዘቅዘዋል። እንቁላሉን ቀጭኑን ጫፍ ወደ ታች አድርገው ያስቀምጡ፤ አይጠቡት፤ ከ7 ቀን በላይ አያቆዩት። ሐረር ከፍ ስለሚል ጥላ ያለበት ክፍል ጥግ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ከሐረር ወይም ከሐረማያ ገዝተው በደንገጎ ቁልቁለት የሚወርዱ ከሆነ በጠዋት ይነሱ፣ ገለባ ውስጥ ቀጭኑን ጫፍ ወደ ታች አድርገው ያሽጉት፣ ቤት ሲደርሱም ሳያስታቅፉት አንድ ሌሊት ያሳርፉት።