የፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ ቀጠሮና የታካሚ ምስጢር፦ ከስልክ ጥሪው እስከ ካርድ ክፍሉ

ፊዚዮቴራፒ (በእንቅስቃሴና በእጅ የሚሰጥ ሕክምና) ክሊኒክ ውስጥ የታካሚ ምስጢር የሚወጣው ከሕክምና ክፍሉ ይልቅ ከእንግዳ መቀበያው ነው። ተራ የሚጠብቅ ሰው ባለበት «ምንዎን ነው ያመመዎ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ የቀጠሮ መልእክት የቤተሰቡ ሁሉ በሆነ ስልክ ይገባል፤ ካርዱ ጠረጴዛ ላይ እንደተዘረጋ ይውላል። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ አነስተኛ ክሊኒክ የሚከፍት ሰው የቀጠሮና የምስጢር አያያዝ ደንቡን አንድ ላይ ቢያወጣ ይሻለዋል።

መነሻው የጊዜ ድልድል ነው። ለአዲስ ታካሚ 60 ደቂቃ፣ ለተመላላሽ 40 ደቂቃ ይመድቡ፤ ከእያንዳንዱ በኋላ 10 ደቂቃ ክፍት ይተዉ። አንሶላ የሚቀየረውና ካርድ ላይ የሚጻፈው በዚህች ጊዜ ነው። ካልተተወች ባለሙያው ጽሑፉን ለማታ ያሳድራል፤ ማታ ደግሞ የማንኛው ጉልበት ስንት ዲግሪ እንደታጠፈ ይምታታበታል። ከዚያም የባሰው፣ አንዱ ልብሱን ለብሶ ሳይጨርስ ሌላው ይገባበታል። በቀን 8 ሰዓት የሚሠራ አንድ ባለሙያ በዚህ ስሌት አንድ አዲስና ስምንት ተመላላሽ ታካሚ ያያል፤ 470 ደቂቃ መሆኑ ነው። ይሁን እንጂ ሰባት ተመላላሽ ብቻ ይያዙ። ስምንተኛው ቦታ ሕመም በድንገት ለሚነሣበት ታካሚ ይቆይ።

ብዙ ቀጠሮ የሚያበላሸው የሰዓት አቆጣጠር ነው። የቀጠሮ ሶፍትዌሩ በፈረንጅ አቆጣጠር 9:00 ሲል ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ ታካሚው «9 ሰዓት» ብሎ ከሰማ ግን ከሰዓት በኋላ ይመጣል። 3 እና 9 በሁለቱ አቆጣጠር ቦታ ስለሚለዋወጡ ሁለቱም ትክክለኛ የሥራ ሰዓት ይመስላሉ፤ ስሕተቱ የሚታወቀው ሰው ሲቀር ነው። በመሆኑም እንግዳ ተቀባይዋ «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት» ሳትል ቁጥር ብቻ እንዳትናገር ይሁን። ቀኑንም ከነዕለቱ ትናገር፦ «ረቡዕ፣ ኅዳር 10፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት»። ከዚያ ታካሚው ራሱ መልሶ ይንገራት። በተለይ ለእናቱ ቀጠሮ ለማስያዝ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ የሚደውል ልጅ ሲሆን የፈረንጁም ቀን ይጨመርለት።

ማስታወሻ መልእክቱን ከቀጠሮው በፊት ባለው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ይላኩ። በፊደላችን የሚጻፍ ኤስኤምኤስ በአንድ መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ብቻ ነው፤ ክፍት ቦታና ነጥብም ይቆጠራል። ካለፈ ተከፋፍሎ ይሄዳል፣ ሒሳቡም በዚያው ልክ ይቆጠራል። ይህ ይበቃል፦

«ረቡዕ ኅዳር 10 ከጠዋቱ 3፡00 ቀጠሮ አለዎት። ካልተመቸዎ ይደውሉልን።»

የሕመሙ ዓይነት፣ የባለሙያው ሙያ፣ «የወገብ ሕክምናዎ» የሚል ቃል አይግባበት። የታካሚውንም ስም አይጻፉ፤ ስልኩ የእሱ ከሆነ ያውቀዋል፣ የሌላ ከሆነ ማወቅ አይገባውም። ስልክ ሲደወልም እንዲሁ ነው፦ ሌላ ሰው ካነሣ «እገሌ ሲመቻቸው ይደውሉልን» ብሎ መዝጋት። «ከየት ነው?» ቢባል ምን እንደሚመለስ አስቀድሞ ታካሚውን መጠየቅ ያስፈልጋል። የክሊኒኩ ስም እንዲነገር የማይፈልግ ታካሚ አለ፤ ካርዱ ፊት ለፊት ላይ ምልክት ይደረግለት።

ለሚቀር ሰው ቅጣት መጣል የሚያዋጣ አይመስልም። የተቀጣ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ አይመለስም፤ ሕክምናውን ያቋርጣል። ይልቅ ደንቡ አጭር ይሁን፤ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፣ በመጀመሪያው ቀንም በቃል ይነገር፦ መቅረት ያሰበ ከ24 ሰዓት በፊት ይደውል፤ እስከ 15 ደቂቃ የዘገየ በቀረው ጊዜ ይታከማል፤ ከዚያ በላይ የዘገየ ሌላ ቀን ይያዝለታል። የ10 ጊዜ ክፍያ አስቀድሞ የከፈለ ሰው ሳይናገር ሲቀር የመጀመሪያው ይታለፍለታል፣ ሁለተኛው ከአሥሩ ይቀነሳል። ለቅሶ ከዚህ ውጭ ነው። ማስረጃ መጠየቅም አይገባም፤ የሞተበትን ሰው «የማን ነው?» ብሎ መመርመር ነውር ነው። ዓርብ ለጁምዓ የሚሄድ ታካሚ በስድስትና በስምንት ሰዓት መካከል ቢቀጠር ይቀራል፤ ጥምቀትና መስቀል ሲደርስ ደግሞ መንገድ ስለሚዘጋ የበዓሉ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ባይያዝ ይመረጣል።

ታካሚው ሲመጣ ማንነቱን ሳያጋልጡ መለየት ያስፈልጋል። ስምና የአባት ስም ብቻ አይበቃም፤ «ሙሉጌታ ከበደ» የሚባል ሁለት ሰው በአንድ ካርድ ክፍል ቢገኝ አያስገርምም። የአያት ስምና የካርድ ቁጥር ይመሳከር። ታዲያ እንግዳ ተቀባይዋ ስልክ ቁጥሩን ጮክ ብላ «09… ነው አይደል?» ብላ አታንብብ፤ ታካሚው ራሱ ይንገራት ወይም ጽፎ ይስጣት። ወረፋው በቁጥር ይጠራ። ሕመሙ የሚጠየቀው ውስጥ፣ በር ተዘግቶ ነው። አልጋዎችን የሚለያየው መጋረጃ ዓይንን እንጂ ጆሮን አይከለክልም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ፣ እንዲሁም ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ሽንት ያለመቋጠር ችግርን የመሰለ ጉዳይ፣ በር ባለው ክፍል ብቻ ይታይ። ሴት ባለሙያ ወይም አብሯት የሚገባ ሰው ትፈልግ እንደሆነ ታካሚዋ ቀጠሮ ስትይዝ ትጠየቅ፤ አልጋው ላይ ከወጣች በኋላ የሚቀርብ ጥያቄ እምቢ ለማለት አይመችም።

አስታማሚን በተመለከተ ለየት ያለ ጥንቃቄ ያሻል። ልጅ፣ ባል፣ እህት አብሮ መግባቱ የተለመደ ነው፤ ታካሚው ፈቅዶ ይሁን አፍሮ ዝም ብሎ ይሁን ግን አይታወቅም። መጀመሪያ ለአምስት ደቂቃ ብቻውን ያስገቡትና ይጠይቁት። መልሱ በአንድ ገጽ ቅጽ ይሞላ፤ ሦስት ነገር ለየብቻ ይፈረምበት፦ የቀጠሮውን ሰዓት ማን ይወቅ፣ ስለ ክፍያው ማን ይነገረው፣ ስለ ሕመሙና ስለ ለውጡ ማን ይነገረው። ውጭ አገር ያለው ልጅ ገንዘቡን ስለላከ ብቻ የእናቱን ውጤት የማወቅ መብት አያገኝም። ለዚህ ጥሩው መልስ «እማማን ጠይቀን እንደውልልዎታለን» ነው።

አሠሪም ይጠይቃል። ከክሊኒኩ ጋር የዱቤ ውል ያለው ድርጅት ሒሳቡን ለማጣራት የሚያስፈልገው የመጣበት ቀንና የአገልግሎቱ ዋጋ ነው፤ የዲስክ መንሸራተት ይሁን ሌላ ለሰው ኃይል ክፍሉ አይጻፍም። ፖሊስ ካርድ ሲጠይቅ በቃል አይሰጥ። በጽሑፍ የቀረበ ትእዛዝ ይታይ፣ ቅጂው ከካርዱ ጋር ይቀመጥ፣ የተጠየቀው ክፍል ብቻ ይሰጥ።

አሁን አሁን ትልቁ ቀዳዳ ቴሌግራም ሆኗል። የኤምአርአይ (የሰውነትን ውስጥ የሚያሳይ ምርመራ) ፊልም ጥግ ላይ ስም፣ ዕድሜና ቀን ታትሟል፤ ባለሙያው ለጓደኛው «እስቲ ይህን እየው» ብሎ ሲልክ ሁሉም አብሮ ይሄዳል። ለሥራ የተለየ ስልክ ይኑር፣ ፎቶን በራሱ ጊዜ ጋለሪ ውስጥ የሚያስቀምጠው ቅንብር ይጠፋ፣ የስሙ ጥግ ተቆርጦ ይላክ። «መራመድ የማይችል የነበረው ታካሚያችን» የሚል የቲክቶክ ቪዲዮ ፊት ቢሸፈንም በድምፅ፣ በአረማመድና በልብስ ይለያል። ፈቃዱ ከሕክምናው ፈቃድ ተለይቶ በጽሑፍ ይወሰድ፤ ሕክምናው ካለቀ በኋላ ቢጠየቅ ደግሞ ይመረጣል፣ ገና በእጅዎ እየታከመ ያለ ሰው እምቢ ማለት ይከብደዋልና።

የወረቀት ካርድ በሚቆለፍ ቁም ሣጥን ይቀመጥ፤ ማታ ጠረጴዛ ላይ አንድም እንዳይቀር ይፈተሽ። ጊዜው ያለፈበት ወረቀት ለቆራሌ አይሸጥ፣ ሱቅ ውስጥ የስኳር መጠቅለያ ሆኖ ይገኛልና። ተቀዶ ይቃጠል።

ሕጉን በተመለከተ፣ በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር ማውጣትን ያስቀጣል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት መካከል ያስቀምጠዋል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። መረጃ ቢያመልጥ ለባለሥልጣኑ ማሳወቂያው በ72 ሰዓት ውስጥ ስለሚጠበቅ፣ ስልክ የጠፋበት ሠራተኛ ለኃላፊው በዚያው ቀን መናገር አለበት። ይህ እንዲሆን በመናገሩ እንደማይቀጣ አስቀድሞ ይነገረው። የምስጢር ጥበቃ ውሉን እንግዳ ተቀባይዋ፣ የጽዳት ሠራተኛዋና ጥበቃውም ይፈርሙ፤ ማን ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ ከሁሉ በላይ የሚያውቀው በር ላይ የሚቆመው ሰው ነው።