ራስፕቤሪ ፓይን በኔትወርክ ኬብል ብቻ ማብራት

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለ የአንድ ወዳጄ ቤት፣ ኮርኒሱ ውስጥ ራስፕቤሪ ፓይ 4 የተባለች ትንሽ ኮምፒውተር ሰቅለናል። ሥራው የጣሪያውን ሙቀትና እርጥበት መመዝገብ ነው። እዚያ ላይ ሶኬት የለም። ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ስለሆነ ዋይፋይም እንደልብ አያልፍም። ስለዚህ ኢንተርኔቱንም መብራቱንም በአንድ ኬብል ላክንለት። ዘዴው ፒኦኢ (ፓወር ኦቨር ኢተርኔት) ይባላል፤ በኔትወርክ ኬብል ኃይል መላክ ማለት ነው።

በመጀመሪያ ዕቃውን አሟሉ። ፓይ 4፣ ለእሱ የተሠራ ከኬብሉ ኃይል የሚቀበል የፒኦኢ ቦርድ፣ ኢንጄክተር (ከራውተሩ በሚመጣው ኬብል ላይ ኃይል የሚጨምር ሣጥን)፣ ኬብል። ፓይ 5 ያላችሁ ተጠንቀቁ። አራቱ የፒኦኢ ፒኖች ቦታ ስለተቀየረ የፓይ 4 ቦርድ አይገጥምለትም።

ኢንጄክተር ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ። 802.3 ኤኤፍ የሚባለውን የፒኦኢ ደረጃ የያዘው መሣሪያው ጋ እስከ 12.95 ዋት ያደርሳል። 802.3 ኤቲ ደግሞ እስከ 25.5 ዋት። ለፓይ 4 ብቻውን ኤኤፍ ይበቃል፤ በዩኤስቢ ዲስክ የምትሰኩ ከሆነ ግን ቦርዱም ኢንጄክተሩም ኤቲ ይሁኑ። ሁለቱም 48 ቮልት ገደማ ከመልቀቃቸው በፊት ከወዲያኛው ጫፍ ያለው ዕቃ መቀበል መቻሉን ያጣራሉ። ፓሲቭ የሚባለው ርካሽ ዓይነት ግን ሳያጣራ ነው የሚለቀው። እሱን አትግዙ፣ ዕቃ ያቃጥላል።

አሁን ወደ ኬብሉ። ብዙ ሰው ቦርዱ ላይ ይጨነቃል፣ ነገሩ የሚበላሸው ግን እዚህ ነው። እኛ መጀመሪያ የገዛነው ኬብል ሲነካ ፓይው ይጠፋል፣ መልሶ ይነሳል። ሁለት ቀን ፕሮግራሙን ስንፈትሽ ከረምን። በኋላ አንዷን ክር በምላጭ ፋቅ አደረግኳት። ከቀዩ ሽፋን ስር እንደ አሉሚኒየም ድስት የሚያበራ ነጭ ወጣ። ለካ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ኖሯል! ክሩ በቀላሉ ይሰበራል፣ ኃይል ሲሸከምም ከመዳብ ይልቅ ይሞቃል። እናንተ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ፍቃችሁ እዩ። ውስጡ ድረስ ቀይ ከሆነ ንጹሕ መዳብ ነው።

ጫፉን ስታስሩ በሁለቱም በኩል ቅደም ተከተሉ አንድ ይሁን፦ ነጭ-ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡናማ፣ ቡናማ። ርዝመቱ ከ100 ሜትር አይለፍ። በክረምት መብረቅ ስለሚበዛም ኬብሉን ከቤት ወደ ቤት በአየር ላይ አትዘርጉት።

ቀጥሎ ቦርዱ። ፓይውን አጥፉት፣ ገመዱንም ንቀሉ። አራቱን መቆሚያ ብሎኖች እሰሩ። ሌላ ነገር የምትደርቡ ከሆነ 40ዎቹ ፒኖች ላይ ረጅም እግር ያለው ማስረዘሚያ አስቀድማችሁ ስኩ፤ አለዚያ የፒኦኢ ቦርዱ ፒኖቹን ይሸፍናቸዋል። ከዚያ ቦርዱን ቀጥ አድርጋችሁ ጫኑት። በአራቱም ማዕዘን እኩል ካልገባ አንድ ፒን ተጣሟል ማለት ነው። አታስገድዱት፣ አንሱና እዩት።

እኛ ከላይ የደረብነው ሁለት ነገር ነው። ዲኤስ3231 የተባለ ባትሪ ያለው ሰዓትና ቢኤምኢ280 የሙቀትና የእርጥበት መለኪያ። ሰዓቱ የግድ ነው እላለሁ። ፓይ 4 መብራት ሲሄድ ሰዓት መቁጠር ያቆማል። መብራቱ መጥቶ ኢንተርኔቱ ከዘገየ ምዝገባው በተሳሳተ ሰዓት ይቀጥላል።

ሁለቱም በአይቱሲ ነው የሚሠሩት፤ ብዙ ዕቃ በጥቂት ሽቦ ከፓይው ጋር የሚነጋገርበት መስመር ነው፦ ፒን 1 ለ3.3 ቮልት፣ ፒን 3 ለመረጃ (ኤስዲኤ)፣ ፒን 5 ለክሎክ (ኤስሲኤል)፣ ፒን 9 ለግራውንድ። ያንኑ መስመር ይጋራሉ፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ የራሱ አድራሻ አለው። ሰዓቱ 68 ነው፣ መለኪያው 76 ወይም 77። ሌላ ቦርድ ስትጨምሩ አድራሻው ከእነዚህ ጋር እንዳይጋጭ አረጋግጡ። ራስፒ-ኮንፊግ የሚባለው የፓይው ማስተካከያ ፕሮግራም ውስጥ ገብታችሁ አይቱሲን ክፈቱ።

በመጨረሻ ኬብሉን ስኩ። የድሮውን ቻርጀር ግን አብራችሁ አትሰኩ፤ ኃይል ከአንድ ቦታ ብቻ ይግባ።

አንድ ነገር ልጨምር። ራውተሩንና ኢንጄክተሩን ምድር ቤት አንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ላይ ሰክተናቸዋል። ባለፈው ማታ ሰፈሩ ሁሉ ጨልሞ ሳለ ኮርኒሱ ውስጥ ያለችው አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ትል ነበር።