ሪሲቨር ከመግዛት በፊት፦ ችግሩ የማሽኑ ነው ወይስ የሴቲንጉ?

የሆም ሲኒማ ሪሲቨር ለመግዛት ያሰበ ሰው (የዲሹን አይደለም፤ ስፒከሮቹን ሁሉ የሚነዳውን፣ ቲቪውንና ማጫወቻውን የሚያገናኘውን ትልቁን ሳጥን ማለቴ ነው) ብዙውን ጊዜ ሁለት ሦስት ሞዴል ጎን ለጎን ያስቀምጥና ቁጥር ማወዳደር ይጀምራል። ይሄኛው 7.2 ነው፣ ያኛው 9.2 (የፊቱ ቁጥር የስፒከር፣ የኋላው የሰብዉፈር ማለትም የቤዝ ስፒከር ብዛት ነው)። ይሄ 150 ዋት ይላል፣ ያ 165። በመጨረሻ ግራ ሲገባው ቁጥሩ የበዛውን ይዞ ይሄዳል። ቤት ሲደርስ የድሮው ችግር እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል።

ከችግሩ ብትነሱ ይሻላል። አሁን ያለው ምን ያስቸግራል? ንግግር አይሰማም? ራሱን ያጠፋል? ጌም ላይ ስክሪኑ ይጠቁራል? እያንዳንዱ ችግር የሚያገናኛችሁ ከአንድ ወይም ከሁለት የስፔክ መስመር ጋር ነው። የቀረው ጌጥ ነው። አንዳንዱን ችግር ደግሞ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ በነፃ ትገላገሉታላችሁ።

ቮሉም ሲጨመር ድምፁ ይጮሃል እንጂ አይሞላም

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የጉልበት ማነስ ነው። እዚህ ላይ ነው ሰው በዋት የሚሸወደው።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ዋት ውሸት አይደለም፤ ነገሩ ያለው አለካኩ ላይ ነው። 165 ዋት የሚል ሞዴል ስታገኙ ስፔኩን ወረድ ብላችሁ በትንሹ የተጻፈውን አንብቡ። «6 ኦም፣ 1 ኪሎኸርዝ፣ 10 በመቶ መዛባት፣ 1 ቻናል» ይል ይሆናል። ይህ ማለት አንድ ስፒከር ብቻ፣ አንድ ነጠላ ድምፅ ብቻ፣ ያውም ድምፁ ተበላሽቶ ጆሮ እስኪያውቀው ድረስ ተገፍቶ ነው። ያው ሪሲቨር «8 ኦም፣ ከ20 ኸርዝ እስከ 20 ኪሎኸርዝ፣ 0.08 በመቶ መዛባት፣ 2 ቻናል» ተብሎ ሲለካ 80 ዋት ሊሆን ይችላል። ሁለት ሞዴል ስታወዳድሩ ይህን ሁለተኛውን መስመር ከዚያኛው ሁለተኛ መስመር ጋር አስተያዩ። መስመሩን ጭራሽ ያልጻፈ አምራች ካለ እኔ እጠረጥረዋለሁ።

አምስትና ሰባት ስፒከር አንድ ላይ ሲሠራማ ከዚያም ይወርዳል፤ ሁሉም የሚቀዱት ከአንድ ፓወር ሰፕላይ ነው። ክብደቱን ማየት ቀላል መላ ነው። ትልቅ ትራንስፎርመር ከባድ ስለሆነ፣ ብዙ ዋት እያለ ብድግ ሲያደርጉት የሚቀል ሪሲቨር ነገር አለው።

ደግሞ በ20 ዋት ልዩነት እንቅልፍ አይንሳችሁ። ዋት እጥፍ ሲሆን የሚጨመረው 3 ዲሲቤል ብቻ ነው። ጆሯችን «እጥፍ ጮኸ» የሚለው ወደ 10 ዲሲቤል ሲጨመር ነው፤ ለዚያ ደግሞ 10 እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ከ80 ወደ 100 ዋት መውጣት 1 ዲሲቤል ነው። ማን ልብ ይለዋል?

መፍትሄው ከሁለት ቦታ ይመጣል። አንደኛው ነፃ ነው፦ ሜኑ ውስጥ ስፒከሮቹ «ላርጅ» ተብለው ከሆነ ወደ «ስሞል» ቀይሩና ክሮስኦቨሩን 80 ኸርዝ ላይ አድርጉት። ከዚያ በታች ያለው ከባድ ቤዝ የራሱ አምፕ (ስፒከር የሚነዳ ማጉያ) ወዳለው ሰብዉፈር ይሄዳል፣ ሪሲቨሩም ሸክም ይቀልለታል። ሁለተኛው ስፒከሩ ነው። የስፒከሩን ሴንሲቲቪቲ (በእኩል ዋት ምን ያህል እንደሚጮህ) እዩ፦ 85 ዲሲቤል የሚለውና 90 የሚለው እኩል ለመጮህ የሚፈልጉት ዋት ከሦስት እጥፍ በላይ ይለያያል። ስለዚህ ትርፍ ገንዘብ ካለ ወደ ስፒከር ቢሄድ ይሻላል። ክፍላችሁ ሰፊ ከሆነ ፕሪአውት (ለውጭ አምፕ ሲግናል የሚያወጣ መሰኪያ) ያለው ሪሲቨር ፈልጉ። ነገ ጉልበት ቢያንስ ሪሲቨሩን ሳትጥሉ ከጀርባው አምፕ ትቀጥሉበታላችሁ።

ፊልሙ መሀል ላይ ራሱን ያጠፋል

«ፕሮቴክት» የሚል ጽሑፍ ወይም ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ካሳየ ራሱን እየጠበቀ ነው። አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት የስፒከር ገመዶቹን ጫፍ በባትሪ እያበራችሁ እዩ። ገመዱ ሲላጥ ብዙ ቀጫጭን የመዳብ ክሮች ይወጣሉ። ከነዚያ አንዷ ክር ከቀዩ መግቢያ አፈትልካ ጥቁሩን ከነካች በቂ ነው፤ ሾርት ነው። ከፀጉር ብዙም ስለማትወፍር ከላይ ቆሞ ለሚያይ አትታይም።

አጣሩ፦ ሪሲቨሩን ከሶኬት ንቀሉ፣ የስፒከር ገመዶችን በሙሉ አውጡ፣ ከዚያ ባዶውን አብሩት። ካልጠፋ ችግሩ ከገመድ ወይም ከስፒከር ነው፤ እያጠፋችሁ አንድ አንድ እያላችሁ መልሱ፣ የሚያጠፋው ራሱ ይጋለጣል። ባዶውን ሆኖም ከጠፋ የውስጥ ጉዳይ ነው። ደጋግሞ ማብራት ያባብሰዋልና ለባለሙያ ስጡት።

የሚጠፋው ከአንድ ሰዓት በኋላ ከሆነ ሙቀት ነው። ላዩ ላይ የጌም ኮንሶል ወይም ዲኮደር ተቀምጧል? አንሱት። የተዘጋ ካቢኔ ውስጥ ከሆነም አውጡት ወይም ጀርባውን ክፈቱለት።

ስትገዙ የምታዩት የኦም መስመሩን ነው፤ ኦም ስፒከሩ ኤሌክትሪክን የሚቋቋምበት መጠን ነው፣ ባነሰ ቁጥር የሪሲቨሩ ሸክም ይበዛል። ስፒከራችሁ 4 ኦም ከሆነ ሪሲቨሩ 4 ኦም እችላለሁ ማለቱን ማንዋሉ ላይ አረጋግጡ። ሜኑ ውስጥ ያለው የ4 ኦም ሴቲንግ ጉልበት የሚጨምር የሚመስላቸው አሉ። ተቃራኒው ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ሪሲቨሩ እንዳይግል ጉልበቱን በመቀነስ ነው። ከሌላ አገር የመጣ ያገለገለ ዕቃ ከሆነ ደግሞ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቮልቴጅ ሳታነቡ እንዳትሰኩ። የጃፓን ገበያ 100 ቮልት ነው፣ የአሜሪካ 120። 230 ቮልት ላይ ከሰካችሁት ያኔ ማወዳደሩም ቀረ።

ፊልሙ አትሞስ ይላል፣ ሪሲቨሩ ግን ስቴሪዮ ያሳያል

አትሞስ ድምፅን ከላይም ጭምር የሚያመጣ የዶልቢ ሲስተም ነው። ሪሞቱ ላይ «ኢንፎ» የሚለውን ተጫኑ። «ፒሲኤም 2.0» ካለ ሪሲቨሩ የሚደርሰው ሁለት ቻናል ብቻ ነው። ጥፋቱ የላኪው ነው፣ ላኪው ደግሞ በአብዛኛው ቲቪው ነው። የቲቪው የድምፅ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ከ«ፒሲኤም» ወደ «ፓስስሩ» ወይም «ቢትስትሪም» ቀይሩት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይገላገላል።

ካልሆነ ገመዱን እዩ። ኦፕቲካል ገመድ ስቴሪዮ ወይም የታመቀ 5.1 ነው የሚያሳልፈው፤ አትሞስ አያልፍበትም። በኤችዲኤምአይ የሚመጣው አርክ (የቲቪውን ድምፅ ወደ ሪሲቨሩ የሚመልሰው መስመር) ደግሞ ስትሪሚንግ ላይ ያለውን የታመቀውን አትሞስ ይችላል፣ ብሉሬይ ላይ ያለውን ዶልቢ ትሩኤችዲ ግን አይችልም። ለሱ የተሻሻለው አርክ፣ ኢአርክ ያስፈልጋል፣ እሱም ቲቪውም ሪሲቨሩም ላይ። አንዱ ብቻ ቢኖረው ዋጋ የለውም። አርክ ጭራሽ ድምፅ ካልሰጠ ገመዱ «አርክ» ተብሎ የተጻፈበት ፖርት ላይ መሆኑን፣ ሲኢሲ የሚባለውም (ዕቃዎቹ እርስ በርስ የሚታዘዙበት) በሁለቱም ላይ መብራቱን አጣሩ።

ቲቪያችሁ አሮጌ ከሆነ ማጫወቻውን በቀጥታ ሪሲቨሩ ላይ ሰኩት። ያኔ የቲቪው ድክመት አይነካችሁም። ስለዚህ ስትገዙ ጥያቄው «ኢአርክ አለው ወይ» ብቻ አይደለም፣ «ያሉኝን ዕቃዎች በሙሉ የሚይዝ የኤችዲኤምአይ መግቢያ አለው ወይ» ጭምር ነው።

ጌም ሲከፈት ስክሪኑ ይጠቁራል

«ኤችዲኤምአይ 2.1» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን አያስተማምንም። 2.1 የሚል ምልክት ያለው ዕቃ የ2.1ን ችሎታዎች ሁሉ የመያዝ ግዴታ የለበትም። ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ስንት ጊጋቢት በሰከንድ ያሳልፋል? ስንቱ ፖርት ላይ? የ2.1 ጣሪያ 48 ነው። 40 የሚያሳልፉ ሪሲቨሮች አሉ፣ 24 የሚያሳልፉም አሉ። ስድስት መግቢያ ኖሮት ፈጣኑ አንድ ብቻ የሆነበትም አለ፤ ሁለት ኮንሶል ላለው ሰው ይህ ራስ ምታት ነው።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ በ2020 የወጡትን ሞዴሎች ተጠንቀቁ። የመጀመሪያዎቹ የ2.1 ሪሲቨሮች አንዳንዶቹ የቺፕ ችግር ነበረባቸው። ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ በ4ኬ 120 ኸርዝ (በሰከንድ 120 ምስል) ሲገናኝባቸው ስክሪኑ ይጠቁር ነበር። አምራቾቹ ኋላ ላይ መፍትሄ ቢያቀርቡም ሻጩ ማስተካከሉን ማረጋገጥ የናንተ ሥራ ነው።

በጣም አሮጌ ሪሲቨር ከሆነና ፊልምም የሚያጠቁር ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ኤችዲሲፒ 2.2 (የቅጂ መከላከያ) የለውም ማለት ነው። የተጠበቀ 4ኬ ይዘት ያለሱ አያልፍም፣ በሴቲንግም አይድንም። ገመድም አትርሱ፦ ረጅም ተራ ገመድ ፊልም እያሳየ 120 ኸርዝ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ለዚህ ሁሉ አቋራጭ አለ። ኮንሶሉን ቲቪው ላይ ሰኩት፣ ድምፁ በኢአርክ ወደ ሪሲቨሩ ይመለስ። ቲቪያችሁ ጥሩ ከሆነ የሪሲቨሩ ጊጋቢት አያገባችሁም። ጌም የማትጫወቱ ከሆነ ደግሞ ለፊልም 18 ጊጋቢት ይበቃል፤ ለቀረው አትክፈሉ።

ፍንዳታው ይጮሃል፣ ንግግሩ አይሰማም

በዚህ ችግር ብቻ ሪሲቨር የሚቀይር ሰው ብዙ ጊዜ ገንዘቡን ይጥላል። የመሀሉ ስፒከር ካቢኔው ውስጥ ገባ ብሎ፣ ወደ ጉልበታችሁ እያየ ነው? ወደ መደርደሪያው ጠርዝ አምጡት፣ አፍንጫውን ወደ ጆሯችሁ ቀና አድርጉት። ከዚያ የመሀሉን ቻናል መጠን 2 ወይም 3 ዲሲቤል ከፍ አድርጉ። ማታ ከሆነ ደግሞ የድምፅ ልዩነቱን የሚያጠበውን ናይት ሞድ አብሩ፤ ፍንዳታው ይወርዳል፣ ሹክሹክታው ይወጣል።

ቤዙ አንድ ወንበር ላይ ያደነቁራል፣ ሌላው ላይ ይጠፋል

ይሄ የክፍሉ ሥራ ነው። ግድግዳው ድምፁን እየመለሰ አንድ ቦታ ላይ ይደምረዋል፣ ሌላ ቦታ ላይ ያጣፋዋል። ሪሲቨሮች በእውነት የሚለያዩበት አንዱ ነገር ይህን የሚያስተካክሉበት ሲስተም ነው፤ ለኔ ከዋት ይበልጣል። ኦዲሲ አለ፣ ዲራክ ላይቭ አለ፣ ዋይፓኦ አለ። ግን ስሙ ብቻ አይበቃም። ኦዲሲ ደረጃ አለው፣ ኤክስቲ32 የሚባለው ከታችኞቹ ይልቅ ቤዝን በደንብ ይቆጣጠራል። ዲራክ ፈቃዱ ለብቻው የሚሸጥባቸው ሞዴሎች ስላሉ ከሪሲቨሩ ዋጋ ላይ ደምራችሁ አወዳድሩ።

እነዚህ ሲስተሞች ክፍሉን የሚለኩት በማይክ ነው፤ ለኩ ሲባል ማይኩን ሶፋው መደገፊያ ላይ ጣል ማድረግ አይሆንም። ትሪፖድ ላይ፣ በጆሮ ቁመት፣ ቤቱ ጸጥ ብሎ። ከመለካታችሁ በፊት ግን ሰብዉፈሩን ቦታ ፈልጉለት። የምትቀመጡበት ወንበር ላይ ራሱን ሰብዉፈሩን አስቀምጡትና ቤዝ ያለው ሙዚቃ ክፈቱ። ከዚያ በግድግዳው ጥግ ጥግ በእንብርክክ እየሄዳችሁ አዳምጡ። ቤዙ ጥርት ብሎ የሚሰማበት ቦታ የሰብዉፈሩ ቦታ ነው። ሰው ካየ ይስቃል፣ ግን ይሠራል።

ሁለት ሰብዉፈር የምታስቡ ከሆነ «.2» የሚለውን አጣሩ። ሁለቱ መውጫዎች አንድ ዓይነት ሲግናል የሚያወጡ ናቸው ወይስ ለየብቻ የሚስተካከሉ? ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ስፒከር ተሰክቷል፣ አይጮህም

ሰባት አምፕ ያለው ሪሲቨር ወይ 7.1 ነው ወይ 5.1.2 (ሦስተኛው ቁጥር የኮርኒስ ስፒከር ብዛት ነው) ነው፤ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አይደለም። ጀርባው ላይ ያሉት መሰኪያዎች ከአምፖቹ ስለሚበዙ ነው ሰው የሚሳሳተው። ኮርኒስ ላይ አራት፣ መሬት ላይ አምስት ከፈለጋችሁ ዘጠኝ አምፕ ይፈለጋል። ክፍሉ ጠባብ ከሆነና ሶፋው የኋላ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ የ7.1 የኋላ ስፒከሮች ቦታ የላቸውም። 5.1.2 ይሻላችኋል፣ ለሱ ሰባት አምፕ በቂ ነው።

ጥቃቅኖቹ

ድምፁና የተናጋሪው አፍ አይገጥሙም፦ ድምፁ ከቀደመ «ኦዲዮ ዲሌይ»ን ጨምሩ። ድምፁ ከዘገየ ዲሌይ ያባብሰዋል፤ ወደ ዜሮ መልሱት፣ ማጫወቻውን ሪሲቨሩ ላይ ሰኩ።

ፊልም ሳይከፈት «ኡኡኡም» ይላል፦ የአንቴና ወይም የዲሽ ገመዱን ለጊዜው ንቀሉ። ከጠፋ የግራውንድ ችግር ነው፤ ሁሉንም ዕቃ አንድ ኤክስቴንሽን ላይ አድርጉ ወይም ለገመዱ አይሶሌተር ግዙ። የሶኬቱን የግራውንድ እግር መቁረጥ ግን የለም፣ ሰው ይገድላል።

የሸክላ ማጫወቻው ድምፅ ቀጭንና ደካማ ነው፦ የተሰካው ተራ መግቢያ ላይ ነው። «ፎኖ» የሚል መግቢያ ያለው ሪሲቨር ምረጡ፣ ወይም ትንሽ ፎኖ ፕሪአምፕ ጨምሩ። ማጫወቻው የራሱ ፕሪአምፕ ካለው ደግሞ ማብሪያውን ከጀርባው ፈልጉ።