«መጀመሪያ የነበረው ማነው?» የእስራኤልና የፍልስጤም የታሪክ ክርክር ሲገጥማችሁ እንዴት ትፈትሹታላችሁ

ስለ እስራኤልና ፍልስጤም ክርክር ሲነሳ ወሬው ብዙም ሳይቆይ ከዛሬው ጦርነት ወጥቶ ሦስት ሺህ ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። አንዱ ንጉሥ ዳዊትን ይጠራል፣ ሌላው ኸሊፋ ዑመርን። አንዱ የድሮ ሳንቲም ፎቶ ያወጣል፣ ሌላው ካርታ። ከዚያ በኋላ ስድብ ነው። ካፌ ውስጥም ያው ነው፣ ስልክ ላይም ያው ነው፣ ቤተሰብ መሀልም ያው ነው።

እዚህ የማሳያችሁ እንዲህ ያለ የታሪክ ማስረጃ ሲመጣባችሁ ምን ብላችሁ እንደምትጠይቁት፣ የቱን ተቀብላችሁ የቱን እንደምትጥሉት ነው። በሁለቱም በኩል ልጁን የቀበረ ሰው አለ። ስለዚህ በሰማነው ብቻ አፍ መክፈት ነውር ነው ብዬ አምናለሁ። ዓመቶቹን፣ ወሮቹንና ቀኖቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው። አንዱ «1940» ሌላው «1948» እያለ ሲከራከር ካያችሁ አትደናገሩ፣ ስለ አንድ ዓመት ሊሆን ይችላል የሚያወሩት።

ማስረጃው የሚመልሰው የትኛውን ጥያቄ ነው?

ከሁሉ በፊት ይሄን ለዩ። «መሬቱ የኛ ነው» የሚለው አባባል ውስጥ ብዙ ጥያቄ ተደባልቋል። እዚያ ኖረናል ወይ? ራሳችንን እንደ አንድ ሕዝብ እናይ ነበር ወይ? የምንገዛው እኛ ነበርን ወይ? ማሳውና ቤቱስ በማን ስም ነበር? ለአንዱ መልስ የሚሆን ማስረጃ ለሌላው አይሆንም።

ይሄ ለኛ አገር ሰው አይከብድም። ርስትና ጉልትን የሚያውቅ ሰው የአንድ ቀዬን ግብር የሚበላው ሌላ፣ መሬቱን ከአያት ከቅድመ አያት ወርሶ የሚያርሰው ሌላ እንደነበረ ያውቃል። ፍልስጤምን ለ400 ዓመት፣ እስከ አንደኛው የዓለም ጦርነት፣ የገዛት የኦቶማን ቱርክ ነው። ስለዚህ «የፍልስጤም መንግሥት የሚባል ነገር ኖሮ አያውቅም» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ አልዋሸም። ግን የተናገረው ስለ ጉልቱ ነው። ዌስት ባንክ ውስጥ ባለችው ናብሉስ ተራራ ላይ የአባቱን ወይራ ስለሚለቅም ገበሬ ምንም አላለም። በሌላ በኩል «ሮማውያን ካሸነፏቸው በኋላ አይሁዶች ለዘመናት መንግሥት አልነበራቸውም» የሚለውም ትክክል ነው። ግን በጥብርያዶስ፣ በሳፌድ፣ በኢየሩሳሌምና በኬብሮን አይሁዶች መኖራቸውን አያጠፋውም።

ሁለቱም ወገን ሊያየው ከሚችለው ነገር ጀምሩ

አብዛኞቻችን ያንን አገር የምናውቀው ከመጽሐፍ ቅዱስ ወይም ከቁርአን ነው። እምነታችን ይከበር። ለክርክር ግን ያላመነውም ሰው ሄዶ ሊያየው የሚችል ነገር ያስፈልጋል።

ለአይሁድ የጥንት መኖር እንዲህ ያለ ማስረጃ ሞልቷል። ፈርዖን መርኔፕታህ ከ3200 ዓመት በፊት ገደማ ያስቀረጸው የድንጋይ ጽሑፍ «እስራኤል» የሚል ስም አለበት፤ ያሸነፍኳቸው እያለ ከሚዘረዝራቸው መሀል ነው። በ1993 ደግሞ ሰሜን እስራኤል ውስጥ ቴል ዳን የሚባል ቦታ ላይ «የዳዊት ቤት» የሚል የተቀረጸ ድንጋይ ተገኝቷል፤ ያስጻፈውም ጠላታቸው የነበረ የአራም ንጉሥ እንደሆነ ነው የሚታመነው። እናም «አይሁዶች እዚያ ኖረው አያውቁም፣ ሁሉም ተረት ነው» የሚል ነገር ሲመጣላችሁ ጊዜ አታጥፉበት። «የዛሬዎቹ አይሁዶች ካዛሮች ናቸው»፣ ማለትም በመካከለኛው ዘመን ከካስፒያን ባሕር በስተሰሜን ይኖር የነበረ የቱርክ ዘር ሕዝብ ልጆች ናቸው የሚለውም እንደዚያው በሬ ወለደ ነው።

ከወዲያኛው ጎራ የሚመጣውንም በዚሁ ሚዛን መዝኑት። «ፍልስጤም የሚለውን ስም ሮማዊው ንጉሥ ሐድርያን ነው የፈጠረው» ይባላል። ሐድርያን ከ132 እስከ 135 አይሁዶች በሮም ላይ ካካሄዱት የባር ኮክባ አመፅ በኋላ የይሁዳን ግዛት ስም «ሶርያ ፓለስቲና» ብሎ መቀየሩ እውነት ነው። ስሙን ግን አልፈጠረውም። ግሪካዊው ሄሮዶቱስ ከእሱ ከ500 ዓመት በላይ ቀድሞ ጽፎታል።

በኛ ሰው ዘንድ ደግሞ ደጋግሜ የምሰማው «ፍልስጤሞች የጎልያድ ዘሮች ናቸው» የሚል አለ። የጎልያድ ወገኖች ከኤጂያን ባሕር አካባቢ መጥተው ጋዛን፣ አስቀሎናን፣ አዛጦንን የያዙ ሕዝብ ነበሩ፤ ከባቢሎን ወረራ በኋላ እንደ ሕዝብ ጠፍተዋል። የዛሬዎቹ ፍልስጤማውያን ሌላ ናቸው። በ630ዎቹ አረቦች አገሩን ሲይዙ ነዋሪው ነቅሎ አልሄደም። በጊዜ ብዛት ቋንቋውን ወደ አረብኛ ቀየረ፣ አብዛኛው ሰለመ፣ ክርስቲያን ሆኖ የቀረም አለ፣ ከውጭ የመጣም ተቀላቀለው። በነገራችን ላይ ከእስራኤል መሥራቾች ዋናው ዳቪድ ቤን ጉሪዮን ራሱ ከይስሐቅ ቤን ጽቪ ጋር በ1918 ባሳተመው መጽሐፍ የአገሩ አረብ ገበሬዎች የጥንት አይሁዶች ዘር ናቸው ብሎ ተከራክሮ ነበር። በኋላ ይሄ ሐሳብ ተረሳ።

ሳንቲሙን ገልብጣችሁ እዩት

እንግሊዞች አገሩን ሲያስተዳድሩ ከ1927 ጀምሮ ያወጡት ሳንቲም ፎቶ በየጊዜው ይዞራል። «ፍልስጤም የሚባል አገር አልነበረም ላላችሁ ይኸው!» ይላል ጽሑፉ። ፎቶውን አስፉና በደንብ አንብቡት። የአገሩ ስም በሦስት ቋንቋ ተጽፏል፦ በእንግሊዝኛ፣ በአረብኛ፣ በዕብራይስጥ። በዕብራይስጡ «ፓለስቲና» ከሚለው ቀጥሎ በቅንፍ ሁለት ፊደል አለ፦ አሌፍና ዮድ። «ኤሬጽ ይስራኤል»፣ የእስራኤል ምድር ለማለት ነው። አረቦቹ በነዚህ ሁለት ፊደላት ክፉኛ ተቆጥተው ነበር፤ አይሁዶቹ ደግሞ ሙሉ ስሙ ስላልተጻፈ አልረኩም። እንግሊዝ ለሁለቱም ቃል ገብቶ ለሁለቱም ሳይሞላ የቀረበትን ነገር ከዚህች ሳንቲም በላይ የሚያሳይ አላየሁም። አንዱ ወገን አረብኛውን ብቻ ቆርጦ ካሳያችሁ ሙሉውን አምጣ በሉት።

ግማሹ የተቆረጠ ደብዳቤ

ጥቅስ ሲመጣላችሁ ከፊቱና ከኋላው ያለውን ፈልጉ። ይሄ ሥራ ይጠይቃል፣ ግን ከሁሉም የሚክሰው እሱ ነው። አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ።

ዩሱፍ ዲያ አል ኻሊዲ የኢየሩሳሌም ከንቲባ የነበረ፣ በኦቶማን ፓርላማም ኢየሩሳሌምን ወክሎ የተቀመጠ አረብ ነው። በመጋቢት 1899 ለፈረንሳይ ዋና ረቢ ለጻዶክ ካን ደብዳቤ ላከ፤ ለጽዮናዊው መሪ ለቴዎዶር ሄርዝል እንዲደርስለት ነው። ጽዮናውያን የሚባሉት አይሁዶች በፍልስጤም የራሳቸው አገር ይኑራቸው የሚሉት ናቸው። ደብዳቤው ላይ አይሁዶች በፍልስጤም ላይ ያላቸውን መብት ማን ሊክድ ይችላል፣ በታሪክ እኮ አገራችሁ ነው ይላል። የእስራኤል ደጋፊዎች እዚህ ጋ ይቆርጡታል። ደብዳቤው ግን ይቀጥላል። አሁን እዚያ ሌላ ሕዝብ ይኖራል፣ ይሄ ነገር ደም ያመጣል፣ ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ ፍልስጤምን በሰላም ተዉአት ብሎ ይለምናል። የፍልስጤም ደጋፊዎች ደግሞ ይሄንን የመጨረሻውን ብቻ ነው የሚያወጡት። ሄርዝል በዚያው ወር መለሰለት፤ የአይሁዶች መምጣት ለአረቦቹም ሀብት ያመጣል፣ ማን ሊያስወጣቸው ያስባል የሚል መልስ ነው። ሁለቱን ደብዳቤዎች አንድ ላይ ስታነቡ የመቶ ምናምን ዓመቱ ጠብ ገና ሳይጀመር ቁልጭ ብሎ ይታያችኋል።

ከአይሁዶቹም ወገን እንዲህ ያለ ሰው ነበረ። ኧሐድ ሐዓም በሚል የብዕር ስም የሚጽፈው ጽዮናዊ በ1891 አገሩን አይቶ ሲመለስ፣ ውጭ ያለነው መሬቱ ባዶ ይመስለናል፣ በእውነቱ ግን ያልታረሰ ማሳ ማግኘት ከባድ ነው ብሎ ለወገኖቹ ጽፏል። «ሕዝብ አልባ ምድር» የሚለውን መፈክር ሲነግሯችሁ ይሄንን አስታውሱ።

ካርታና ቁጥር

አራት ካርታ ተደርድሮ የፍልስጤም ነው የተባለው አረንጓዴ ቀለም እየጠፋ የሚሄድበትን ምስል አይታችሁታል። ችግሩ አራቱ ካርታዎች አራት የተለያየ ነገር ነው የሚያሳዩት። የመጀመሪያው በአይሁዶች ስም የተገዛውን መሬት ነጭ አድርጎ የቀረውን ሁሉ የአረብ ያስመስለዋል፤ ከዚያ ውስጥ ሰፊው የመንግሥትና የበረሃ መሬት ነው። ሁለተኛው የተባበሩት መንግሥታት ሐሳብ ነው፣ መሬት ላይ ያልዋለ። ሦስተኛው ዮርዳኖስና ግብፅ ይዘውት የነበረውን ያሳያል። አራተኛው የፍልስጤም አስተዳደር ያለበትን። ርስቱ፣ ሐሳቡና ጉልቱ በአንድ ቀለም ተቀብተዋል። የፍልስጤማውያን መሬት መጥበቡ እውነት ነው፤ ምስሉ ግን ለዚያ እውነት አይመጥንም። በተቃራኒው ደግሞ ዮርዳኖስን ጨምሮ ቀብቶ «አረቦቹ ድርሻቸውን ወስደዋል» የሚል አለ። እንግሊዝ ዮርዳኖስን በ1922 ከአይሁድ ብሔራዊ ቤት ጉዳይ ለይታዋለች፤ የናብሉሱን ገበሬ ግን አማን ላይ ሌላ መንግሥት መቋቋሙ ባለ ድርሻ አያደርገውም።

ቁጥር ሲመጣ የሕዝብ ቆጠራን ከግምት ለዩ። የእንግሊዝ አስተዳደር የ1922 ቆጠራ 752,048 ሰው መዝግቧል፤ ከዚህ 83,790ው አይሁድ ነው፣ 11 በመቶ ማለት ነው። በ1931 ሕዝቡ ከአንድ ሚሊዮን ትንሽ በልጦ አይሁዶቹ ወደ 17 በመቶ ደረሱ። የአይሁዱ እድገት በብዛት ከስደት ነው፣ የአረቡ በብዛት ከወሊድ። «አረቦቹ ሥራ ፍለጋ ትናንት የመጡ ናቸው» የሚለውን ይሄ አይደግፈውም።

ኬብሮን ላይ ተለማመዱ

አንድ ቦታ መርጣችሁ ከላይ እስከ ታች ተከተሉት። እኔ ኬብሮንን እመርጣለሁ፤ አረቦቹ አል ኸሊል የሚሏትን። አብርሃም ሣራን ለመቅበር ዋሻውን በ400 ሰቅል ብር ከኬጢያዊው ከኤፍሮን የገዛባት ናት፣ ኦሪት ዘፍጥረት 23። ሁለት ምዕራፍ አልፋችሁ 25ን ካነበባችሁ አብርሃምን የቀበሩት ይስሐቅና እስማኤል አብረው ናቸው። ዛሬ የሚታየው ግዙፍ የድንጋይ ግንብ የሄሮድስ ዘመን ሥራ ነው። ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ሆነ፣ መስጊድ ሆነ፣ በመስቀል ጦረኞች ዘመን መልሶ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ ደግሞ መስጊድ። ግብፅ ላይ ተቀምጠው አካባቢውን ይገዙ በነበሩት በማምሉኮች ዘመን አይሁዶች እንዳይገቡ ተከለከሉ፤ ለ700 ዓመት ከውጭ ካለው ደረጃ ሰባተኛው ላይ ቆመው ነበር የሚጸልዩት፣ እስከ 1967።

በ1929 አረቦች 67 አይሁዶችን ኬብሮን ውስጥ ገደሉ። በዚያው ቀን አረብ ጎረቤቶቻቸው ቤታቸው ደብቀው ያተረፏቸው ብዙ ናቸው። በ1994 ደግሞ አንድ አይሁዳዊ ሰፋሪ መስጊዱ ውስጥ ሲሰግዱ የነበሩ 29 ሙስሊሞችን ገደለ። ሰው ሲከራከር አንዱን ቀን ብቻ ከነገራችሁ ሌላውን ጠይቁት። በ1997 ስምምነት ከተማዋ ለሁለት ተከፍላለች። እዚያ የሚኖር የፍልስጤም ቤተሰብ ልጁን ትምህርት ቤት ለመላክ በፍተሻ ነው የሚያልፈው፣ የአብርሃም ግዢ ይሄንን አይመልስለትም። ያቺ አይሁዳዊት አያቷ በ1929 የተገደሉባት ሴት ደግሞ «እናንተ ከአውሮፓ የመጣችሁ ናችሁ» ስትባል ትክክለኛ ምላሽ አላገኘችም። የኔ አቋም ግልጽ ነው፦ የሁለቱም ሥር እውነተኛ ነው፣ ቀድሞ መገኘትም ሌላውን ከቤቱ ለማስወጣት ፈቃድ አይሆንም። 1948 ላይ ከ700 ሺህ በላይ ፍልስጤማውያን ከቤታቸው ወጥተዋል፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ደግሞ ከባግዳድ፣ ከሰንዓ፣ ከካይሮ እጅግ ብዙ አይሁዶች ንብረታቸውን ጥለው ወጥተዋል።

ራሳችሁን የምትፈትሹበት አንድ መንገድም አለ። ኢየሩሳሌም ውስጥ ስለ ዴር ሱልጣን ከግብፅ ኮፕቶች ጋር ስንከራከር የምናቀርበውን ማስረጃ አስቡ፤ የቆየ ይዞታ፣ የሱልጣን ፊርማ፣ የቁልፍ ጉዳይ። እዚያ የምትቀበሉትን ዓይነት ማስረጃ እዚህ ለማትወዱት ወገን ሲሆን ከጣላችሁት፣ ሚዛናችሁ አጋድሏል።

ከየት ትጀምሩ?

በአንድ ምሽት የሚያልቁ ሦስት ሰነዶች አሉ። የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ያወጣው የ1917ቱ የባልፎር መግለጫ አንቀጽ እንኳን አይሞላም። ለአይሁዶች «ብሔራዊ ቤት» ይላል፣ በዚያው ዓረፍተ ነገር ደግሞ የነባሮቹን መብት የሚጎዳ ምንም እንዳይደረግ ይላል፤ ግን አረቦቹን በስማቸው አይጠራቸውም፣ «አይሁድ ያልሆኑ ማኅበረሰቦች» ነው የሚላቸው። ቀጥሎ በግብፅ የእንግሊዝ ከፍተኛ ኮሚሽነር የነበረው ማክማሆን በጥቅምት 1915 ለመካው ሸሪፍ ሁሴን የላከው ደብዳቤ። ለአረብ ነጻነት ቃል ሲገባ «ከደማስቆ፣ ከሆምስ፣ ከሐማና ከአሌፖ ወደ ምዕራብ» ያለውን ለይቶ ያስቀራል። ካርታ ዘርጉና ፍልስጤም ከደማስቆ በየት በኩል እንደሆነች ራሳችሁ እዩ፤ ክርክሩ ሁሉ እዚያ ላይ ነው። በመጨረሻ የተባበሩት መንግሥታት የኅዳር 29 ቀን 1947 ውሳኔ 181፣ አገሩን ለሁለት ይከፈል የሚለው። 33 አገር ደገፈ፣ 13 ተቃወመ፣ 10 ድምፅ ከመስጠት ተቆጠበ። ከተቆጠቡት አንዷ ኢትዮጵያ ናት።