ሙቅ ዮጋን በየዓይነቱ እንዴት እንሞክር? ጎንደር ላላችሁ

ሙቅ ዮጋ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። አንዱ 40 ዲግሪ በሞቀ ክፍል ውስጥ 90 ደቂቃ ሙሉ ያሠራችኋል፤ ሌላው ሞቅ ባለ ቤት መሬት ላይ አስተኝቶ በዝግታ ያሳስባችኋል። ስለዚህ አንዱን ብቻ ሞክሮ "ሙቅ ዮጋ አይሆነኝም" ማለት ቶሎ መፍረድ ነው። ከቀላሉ ጀምራችሁ ወደ ከባዱ ሂዱ። እንቅስቃሴውን መጀመሪያ ያለ ሙቀት ልመዱት፤ ሙቀቱን ከዚያ ቀስ እያላችሁ ጨምሩበት። ሁለቱም አዲስ ሆነው በአንድ ቀን ሲመጡ ነው ሰው የሚጎዳው።

መጀመሪያ ክፍሉን

ስቱዲዮ ካገኛችሁ ሙቀቱን እነሱ ይቆጣጠሩታል። ቤት ከሆነ ግን አደራ፣ ክፍል ለማሞቅ ከሰል አታስገቡ። በርና መስኮት ዘግቶ ከሰል ማቀጣጠል ይገድላል። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ጢሱ ጠፍቶ ፍሙ ሲደምቅ ብዙ ሰው "አሁንማ ነጥሯል" ይላል፤ ጋዙ ግን ያኔም ይወጣል። ራሱን ሲያመው በሙቀቱ ይመስለዋል፣ ትንሽ ልረፍ ብሎ ጋደም ይላል፣ በዚያው ይቀራል። ዮጋ ላይ ደግሞ በጥልቀት ስለምትተነፍሱ የበለጠ ትስቡታላችሁ። ከቡና የተረፈች ትንሽ ፍም ብትሆንም ያው ናት።

ደግነቱ ጎንደር ፀሐይ አላት። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ሌሊቱና ጠዋቱ ይቀዘቅዛል፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ግን ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት ያለ ምንም ማሞቂያ ይግላል። ያንን ሰዓት ተጠቀሙበት። በክረምት ወይም በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ ጊዜ የኤሌክትሪክ ሂተር ያስፈልጋችኋል። ከምንጣፋችሁ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ መጋረጃ አይንካው፣ በላብ እጅ ማብሪያ ማጥፊያውን አትንኩ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የሙቀት መለኪያ ካገኛችሁ ደግሞ ግምት ይቀርላችኋል። ቤት ውስጥ ብቻችሁን ስትሠሩ ከ32 ዲግሪ አትለፉ። በር መዝጋት ይቻላል፣ መቆለፍ ግን አያስፈልግም።

ውሃ፣ ምግብ፣ ልብስ

ከመጀመራችሁ 2 ሰዓት ቀድማችሁ ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ ጠጡ። ከባድ ምግብ ከበላችሁ 2 ወይም 3 ሰዓት ቆዩ፤ ጥብስ በልቶ መጠማዘዝ ምን እንደሚሆን መንገር አያስፈልግም። ከዋዜማው ጠላና አረቄ ይቅር። ቡና ጠጡ፣ ውሃን ግን አይተካም።

የጾም ነገር ለየት ብሎ መታየት አለበት። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ውሃ ሳትቀምሱ የምትቆዩ ከሆነ ከዚያ በፊት ሙቅ ዮጋ አትሥሩ። ረመዳን የምትጾሙም ካፈጠራችሁና ምግቡ ከተንሸራሸረ በኋላ አድርጉት። ባዶ ሆድ ብቻ ቢሆን ይቻል ነበር፤ ውሃ ሳይጠጡ ላብ በላብ መሆን ግን ሌላ ነገር ነው።

ሲያልቅ በሶ በጥብጡ፣ ጨው ጣል አድርጉበት። በጣም ካላባችሁ ደግሞ 1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ሟሙቶ ቀስ በቀስ ይጠጣ። ጨው የምትቀንሱ የደም ግፊት ታካሚዎች ግን ስለዚህ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ለመታጠቢያም ቧንቧው ውሃ እንዳለው ከመጀመራችሁ በፊት እዩ፣ ከሌለ በጀሪካን አዘጋጁ።

ልብሱ ስስና ቀላል ይሁን። ወፍራም ጥጥ ላብ ሲጠጣ ይከብዳል። ሁለት ፎጣ ያዙ፤ አንዱ ምንጣፉ ላይ ሙሉ ለሙሉ ይዘርጋ፣ አንዱ ለእጅና ለፊት።

እነማን ይቅርባቸው? ነፍሰ ጡሮች፣ የልብ ሕመም ያለባቸው፣ የደም ግፊታቸው ከፍ ዝቅ የሚል፣ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የሚወስዱ፣ ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ላይ ያሉ ሐኪም ሳያማክሩ አይሞክሩት። ጤነኛ የሆነም ሰው ራሱን ካዞረው፣ ካቅለሸለሸው፣ ጡንቻው ከተኮማተረ ወዲያው ቁጭ ይበል፣ ከዚያ ወጥቶ ይቀዝቅዝ። ንግግሩ ከተምታታ ወይም ራሱን ከሳተ አደገኛ ነው፦ በውሃ እያረጠባችሁ፣ እያራገባችሁ ሐኪም ቤት አድርሱት።

አሁን ወደ ዓይነቶቹ

ሞቅ ያለ ዪን ቀላሉ መጀመሪያ ነው። ክፍሉ ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ቢሆን ይበቃል። መሬት ላይ ተቀምጣችሁ ወይም ተኝታችሁ አንዱን አቀማመጥ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ትቆዩበታላችሁ። ለምሳሌ ውስጥ እግራችሁን ገጥማችሁ ጉልበታችሁን ወደ ጎን ክፈቱ፣ ከዚያ ወገባችሁን ሳትገፉ ወደ ፊት ዘንበል በሉ። ጉልበት ካልወረደ ትራስ አስገቡበት። ሙቀት ጡንቻን ስለሚያላላ ከአቅማችሁ በላይ ስትሳቡ ሕመሙ ያኔ አይሰማችሁም፤ በነጋታው ነው የሚመጣው። ስለዚህ ከምትደርሱበት ትንሽ መለስ ብላችሁ ቆዩ። መገጣጠሚያ ላይ የሚወጋ ስሜት ካለ ልቀቁት።

ቀጥሎ ሙቅ ሀታ ሞክሩ። ቆሞ መሥራት ይገባበታል፣ ግን አንዱን አቀማመጥ ይዞ ትንፋሽን እየቆጠሩ መቆየት ስለሆነ አያጣድፍም። እ.ኤ.አ. በ2004 ቶሮንቶ ላይ ሞክሻ በሚል ስም የተጀመረውና ኋላ ሞዶ የተባለው ዓይነት ከዚህ ጋር ይቀራረባል። ከዪን ወደዚህ ለማለፍ አትቸኩሉ። ሰውነት ሙቀት የሚለምደው ከ1 እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ቶሎ ማላብ ይጀምራል፣ ልብ የሚመታበት ፍጥነትም ይረጋጋል።

ሙቅ ቪንያሳ ፈጣኑ ነው። እንቅስቃሴው ከትንፋሽ ጋር ይሄዳል፦ ስትስቡ እጅ ወደ ላይ፣ ስትተነፍሱ ወደ ታች። ስቱዲዮዎች ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 35 ዲግሪ ያደርጉታል። ሩጫ ወይም ኳስ የምትወዱ ይሄ ይስማማችኋል ብዬ አስባለሁ። ከቆላ መጥታችሁ ገና ከፍታውን ያልለመዳችሁ ከሆነ ግን ትንፋሽ ቶሎ ያጥራችኋል፣ ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሱ። በአፍ ማለክለክ ከጀመራችሁ ተንበርከኩ፣ ግንባራችሁን መሬት አስነኩ፣ ትንፋሻችሁ በአፍንጫ እስኪመለስ እዚያው ቆዩ። እጅ በላብ የሚንሸራተተውም እዚህ ላይ ነው። መዳፍ ከፎጣው ጠርዝ ውጭ ሲያርፍ ክንድ ወደ ፊት ይሸሻል፣ ትከሻ ይጎዳል፤ በየዙሩ መሃል ፎጣውን ጎትታችሁ አስተካክሉ።

ከባዱ ብዙ ሰው ቢክራም ብሎ የሚያውቀው ነው። 26 አቀማመጥና 2 የትንፋሽ ልምምድ አለው፤ ቅደም ተከተሉ አይቀየርም፣ 90 ደቂቃ ይፈጃል፣ ክፍሉ 40 ዲግሪ አካባቢ ይሞቃል፣ እርጥበቱም 40 በመቶ ይሆናል። አብዛኛው አቀማመጥ ሁለት ሁለት ጊዜ ይሠራል። መጀመሪያ የቆሙት፣ ከዚያ የተኙት። ያስፋፋው ቢክራም ቾውድሪ በወሲባዊ ጥቃት በተደጋጋሚ ስለተከሰሰ ብዙ ስቱዲዮዎች ስሙን ትተው "26 እና 2" ይሉታል። እኔም እንዲሁ ብንለው ደስ ይለኛል። ቅደም ተከተሉን የኔ ብቻ ነው ብሎ ተከራክሮ ነበር፤ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ2015 በቅጂ መብት አይጠበቅም ብሎ ወስኗል። ስለዚህ ማንም ሊሠራው ይችላል።

ይህን ቤታችሁ በ40 ዲግሪ አትሞክሩት። ቅደም ተከተሉን ያለ ሙቀት አጥኑት፣ ሙቀቱን አስተማሪ ያለበት ስቱዲዮ ስትደርሱ ጨምሩበት። አንዱን በቅርበት ላሳያችሁ። በአንድ እግር ቆማችሁ የሌላኛውን ቁርጭምጭሚት ከኋላ ትይዙና እግሩን ወደ ላይ እየገፋችሁ ደረታችሁን ወደ ፊት ታዘነብላላችሁ። የቆመው ጉልበት ቀጥ ይበል፣ ግን ወደ ኋላ አይለጠጥ። በላብ ጊዜ ቁርጭምጭሚት ከእጅ ያመልጣል፣ ሰውም በፊቱ ይወድቃል። እጃችሁንም እግራችሁንም በትንሹ ፎጣ አድርቃችሁ ያዙ፤ ካልሆነ ፎጣውን ቁርጭምጭሚት ላይ ጠምጥማችሁ ጫፉን ጨብጡ። ወደ ግድግዳ ዞሮ መሥራትም ይረዳል።

በኢንፍራሬድ የሚሞቅ ክፍል የሚባልም አለ። አየሩን ከማሞቅ ይልቅ ጨረሩ በቀጥታ ሰውነትን ስለሚያሞቀው አየሩ ለትንፋሽ ይቀላል።

የቱ እንደሚስማማችሁ ለማወቅ እያንዳንዱን ሦስት አራት ጊዜ ሞክሩ፣ በሳምንት ከ2 ወይም 3 ቀን አታስበልጡ፣ በመሃል ዕረፍት ይኑር። ሚዛን ላይ ወጥታችሁ አትፍረዱ፤ በአንድ ጊዜ የቀነሰው ኪሎ ውሃ ነው፣ ስትጠጡ ይመለሳል። "መርዝ በላብ ወጣልኝ" የሚባለውንም ተዉት፣ ያንን ሥራ የሚሠሩት ጉበትና ኩላሊት ናቸው። ይልቅ በነጋታው ጠዋት እዩት። እንቅልፍ ወስዷችሁ አደረ? ሽንታችሁ ነጣ ያለ ነው ወይስ ጠቁሯል? ወገባችሁ ሲነሳ ቀሎታል ወይስ ተይዟል? ሽንት ጠቁሮ ራስ ምታት ካለ ያኛው ዓይነት ገና ከብዷችኋል፤ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ለሁለት ሳምንት እዚያው ቆዩ።